የሰውን ፊት ውበት ዓይናችን በምን ይለካዋል? የፎቶ ቤት ሥራ ያስነሣብኝ ጥያቄ

ጥያቄ — ጉርድ ፎቶ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ከተማ ውስጥ አነስተኛ ፎቶ ቤት ከከፈትሁ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ከጉርድ ፎቶ ጀምሮ የምረቃ፣ የሠርግና የክርስትና ፎቶ አነሣለሁ። ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው ፊት በመሆኑ፣ ከዚህ በፊት ልብ ያላልኋቸው ነገሮች እየቆዩ ያሳስቡኝ ጀምረዋል።

አንደኛው እንዲህ ነው። አንዲት ተመራቂ ከእናቷ ጋር ትመጣለች፤ አነሣትና ፎቶውን በኮምፒውተሩ አሳያቸዋለሁ። ልጅቱ «ፊቴ ጠመመ፣ ይኼ እኔን አይመስልም» ስትል እናትየዋ ደግሞ «ቁርጥ አንቺን እንጂ! እንዲያውም አምሮብሻል» ትላለች። ሁለቱም የሚያዩት አንዱን ፎቶ ነው። ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሳይሆን በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው።

ሁለተኛው፣ የደንበኞቼ ጥያቄ ተለውጧል። ሥራውን ስጀምር ሰው የሚጠይቀኝ ብጉር እንዳጠፋለት ወይም የግንባሩን ወዝ እንዳደበዝዝለት ነበር። አሁን ግን አፍንጫው ሰልከክ፣ አገጩ ቀጠን እንዲል፣ ጠይም የሆነው ቀይ እንዲመስል ይጠይቀኛል። የሚደንቀኝ፣ የማይተዋወቁና ከተለያየ ወረዳ የመጡ ሰዎች ተመካክረው የመጡ ይመስል አንድ ዓይነት ፊት መጠየቃቸው ነው።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ነው። ባለፈው የምረቃ ወቅት ለሁለት ሳምንት ያህል እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ፎቶ ኤዲት ሳደርግ ከረምሁ። አንድ ምሽት ቤት ስገባ ታናሽ እኅቴ ራት አቀረበችልኝ፤ ቀና ብዬ ሳያት አፍንጫዋ የሰፋ፣ ጉንጮቿም ያበጡ መሰለኝ። እኅቴ አልታመመችም፣ አልወፈረችምም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማውቀው ፊት ነው። ሥራው ጋብ ካለ ከጥቂት ቀናት በኋላ ፊቷ ወደ ነበረበት ተመለሰልኝ። ያን ምሽት ያየሁትን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፤ የውበት መለኪያ ስንፈጠር ጀምሮ በአእምሯችን የተቀመጠ ነገር ነው ወይስ ዓይን በልምድ የሚያበጀው? በልምድ የሚበጅ ከሆነ እኔስ በሥራዬ የራሴንም የሌላውንም ዓይን እያበላሸሁ ይሆን? ዕውቀቱ ያላችሁ ሰዎች በደንብ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1 — የሥነ ልቦና መምህር

ያነሷቸው ሦስት ነገሮች ሦስቱም በተመራማሪዎች በሚገባ የተጠኑ ናቸው፤ እርስዎ ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከፎቶ ቤትዎ መድረስዎ ያስደስታል።

ከእናትና ልጅ ልጀምር። እያንዳንዳችን የራሳችንን ፊት የምናውቀው በመስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ የሚያሳየን ገልብጦ ነው። የማንም ሰው ፊት ግራና ቀኙ ፍጹም አንድ ስላልሆነ፣ አንዱ ቅንድብ ከፍ ይላል፣ ከንፈርም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ስለዚህ እኛ የለመድነው ፊታችንና ሌላው ሰው የሚያውቀው ፊታችን በትንሹ ይለያያሉ። በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚልዋኪ ቅርንጫፍ የተሠራ አንድ ጥናት ይህንኑ ፈትኖ ነበር። ተመራማሪዎቹ የሴት ተማሪዎችን ፎቶ በሁለት መንገድ አሳተሙት፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ። ተማሪዎቹ ራሳቸው ወደ ተገለበጠው ሲያዘነብሉ፣ የቅርብ ጓደኞቻቸው ግን እንዳለ የታተመውን መረጡ። ያቺ ተመራቂና እናቷ የተከራከሩት ስለ ውበት ሳይሆን የለመዱት ፊት የተለያየ ስለነበረ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ከዚህ ጀርባ ያለው አሠራር ቀደም ብሎም የታወቀ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰዎች የማያውቋቸውን ፊቶች፣ ትርጉም የለሽ ቃላትንና ቻይንኛ መሰል ፊደላትን አንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዳንዱን እስከ 25 ጊዜ እየደጋገመ አሳይቷቸው፣ ምንም ሌላ ምክንያት ሳይኖር ደጋግመው ያዩትን ይበልጥ እንደወደዱት አረጋግጧል።

ፊትን በተመለከተ ግን ነገሩ ከመደጋገም ያልፋል፤ ዓይናችን ካያቸው ፊቶች ሁሉ አንድ አማካይ ፊት ያበጃልና። የዚህ ታሪክ አጀማመር ራሱ አስገራሚ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1878 እ.ኤ.አ. የወንጀለኞችን ፎቶ አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ በአንድ ወረቀት ላይ አሳተመ፤ ዓላማው «የወንጀለኛ ፊት» የሚባለውን ገጽታ ማግኘት ነበር። ያገኘው ግን ከተደረቡት ከእያንዳንዳቸው ይልቅ ደስ የሚል ፊት ሆነ፤ የወንጀለኛነት ምልክት ብሎ የጠበቀው ሁሉ በመደራረቡ ጠፋ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1990 እ.ኤ.አ.፣ ጁዲት ላንግሎዊስና ሎሪ ሮግማን በቴክሳስ ይህንኑ በኮምፒውተር ደገሙት፤ የ16 ወይም የ32 ሰዎች ፊት ተዋሕዶ የተገኘው አማካይ ፊት ከአብዛኞቹ ነጠላ ፊቶች የበለጠ ማራኪ ተብሎ ተመረጠ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ፊት ሲደራረብ ብጉሩና ጠባሳው ስለሚጠፋ ቆዳው ጥርት ይላል፤ ከፍተኛው ነጥብ በከፊል ለቆዳው የተሰጠ ሊሆን ይችላል የሚል ተገቢ ተቃውሞ ቀርቧል። በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴቪድ ፔሬትና ባልደረቦቹ፣ ማራኪ ከተባሉ ፊቶች ብቻ የተሠራው አማካይ ከሁሉም ፊቶች ከተሠራው አማካይ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ስለዚህ አማካይነት መሠረቱ እንጂ ጣሪያው አይደለም።

ለእርስዎ ጥያቄ ትልቁ ነገር ግን «የማን አማካይ?» የሚለው ነው። በታንዛኒያ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ እያደኑና ሥራሥርና ፍራፍሬ እየለቀሙ የሚኖሩት ሐድዛዎች በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተካፍለው ነበር። እንግሊዛውያኑ ተጠያቂዎች የአውሮፓውያንንም የሐድዛዎችንም አማካይ ፊት ሲመርጡ፣ ሐድዛዎቹ ግን የመረጡት የራሳቸውን ወገን አማካይ ብቻ ነው፤ በአውሮፓውያኑ ፊት ላይ ለአማካዩ አላደሉም። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ሐድዛዎቹ የአውሮፓውያንን ፊት እምብዛም ስላላዩ ለእርሱ የሚሆን መለኪያ አላበጁም የሚል ነው።

አሁን ወደ እኅትዎ ልመለስ። በ2003 እ.ኤ.አ. ጊሊያን ሮድስና ባልደረቦቿ ሰዎችን ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሆን ተብሎ የተዛቡ፣ ለምሳሌ ወደ መሀል የተጨመቁ፣ ፊቶችን አሳዩአቸው። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ «ትክክለኛ ፊት» ብለው የሚያዩትም ሆነ «ማራኪ» የሚሉት ወደዚያው ወደ ተዛባው አቅጣጫ ተንሸራተተ። ልብ ይበሉ፣ ይህ በጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ እርስዎ ሁለት ሳምንት ሙሉ እስከ እኩለ ሌሊት የቀጠነ አፍንጫ ሲመለከቱ ከርመዋል። ያን ምሽት መለኪያዎ ተገፍቶ እንጂ የእኅትዎ ፊት ተለውጦ አይደለም። የደንበኞችዎ ተመሳሳይ ጥያቄም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ሁሉም በየስልኩ የሚያየው በአንድ ዓይነት ፊልተር ያለፈ ፊት ከሆነ፣ ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት አማካይ ማበጀታቸው የሚጠበቅ ነው።

ሁሉም ነገር ልምድ ነው ማለቴ አይደለም። ገና የቀናት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት እንኳ አዋቂዎች ማራኪ ያሏቸውን ፊቶች ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚመለከቱ ታይቷል። ነገር ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 547 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችንና ተመሳሳይ ያልሆኑ 214 ጥንድ መንትዮችን አወዳድሮ፣ አንዱ ሰው ከሌላው ሰው በምርጫው የሚለይበት ምክንያት በአብዛኛው ከወላጅ የወረሰው ዘረ መል ሳይሆን የእያንዳንዱ የግል የሕይወት ገጠመኝ መሆኑን አግኝቷል። በአንድ ቤት አብረው ያደጉ መንትዮች እንኳ በዚህ ይለያያሉ፤ ምክንያቱም አንዱ ያያቸውና የወደዳቸው ሰዎች ሌላው ያያቸው አይደሉም።

መልስ 2 — አጥናፍ

የመምህሩን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በስልኬ ላይ የፊትን ርቀቶች አንዱን ለሌላው እያካፈለ ወደ 1.618 መጠጋታቸውን የሚለካ መተግበሪያ አለ፤ «ወርቃማው ምጣኔ» ይሉታል። የእኔን ፊት ለክቶ ዝቅተኛ ውጤት ሰጥቶኛል፤ እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ቀናት አሳዝኖኝ ነበር። መለኪያው በልምድ የሚበጅ ከሆነ ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

መልስ 3 — ሥዕል ተማሪ የነበርሁ

እኔ የምመጣው ከሥዕል በኩል ነው። በልጅነቴ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዘንድ ቀለም እየበጠበጥሁ ተምሬአለሁ። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለቱም ዓይኖቻቸው ይሣላሉ፤ ዓይኖቻቸውም ሰፋፊና ጎላ ያሉ ናቸው። ይሁዳ፣ ሰይጣንና ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። እኔ ዛሬም የማላውቀው ሰው በጎኑ ተነሥቶ ሳይ ቶሎ አላምነውም፤ ይህ ስሜት ከተፈጥሮዬ ሳይሆን ከግድግዳው ሥዕል እንደመጣ አውቃለሁ።

መለኪያው የሚንቀሳቀስ መሆኑን ለማየት ደግሞ ስልክ አያስፈልግም፤ እናቶቻችንን ማየት ይበቃል። አያቴ ድዷን የተነቀሰችው በልጅነቷ ነው፤ ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ድዱ መጥቆር አለበት ይባል ስለነበር ያንን ሁሉ መርፌ ችላለች። በአንገቷ ዙሪያ ያለው ንቅሳትም ጌጥዋ ነበር። ዛሬ በከተማ ያለች ልጅ ንቅሳቱን በሌዘር ለማስጠፋት ገንዘብ ታጠራቅማለች። ፍንጭት ጥርስ የተመሰገነበት አገር ውስጥ ዛሬ ፍንጭቱን ለማስደፈን ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው አውቃለሁ። ሁሉም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ በሦስት ትውልድ ብቻ የሆነ ነው።

ነገር ግን መምህሩን አንድ ነገር ልሞግት። የጠቀሷቸው ጥናቶች ሁሉ የቆመ ፎቶ እያሳዩ ነጥብ የሚያሰጡ ናቸው። አማርኛችን ደግሞ «ቆንጆ» ብሎ አይበቃውም። «ደም ግባት አለው» እንላለን፣ «የደስ ደስ አላት» እንላለን። አፍንጫውም ከንፈሩም የተስተካከለ ሆኖ ደም ግባት የሌለው ሰው አለ፤ አንዱም ነገሩ ተለይቶ የማያምር ሆኖ ከሰው ሁሉ መሀል ዓይን የሚስብ ሰውም አለ። የደስ ደስ የሚታየው ሰው ሲናገር፣ ሲስቅ፣ ሲያዳምጥ ነው። ይህን የአማካይ ፊት ስሌት እንዴት ያገኘዋል?

መልስ 4 — የሥነ ልቦና መምህር

ለአጥናፍ፦ እባክዎ ያንን ቁጥር ከልብዎ ያውጡት። በፊት ላይ ሊለኩ የሚችሉ ነጥቦች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከዓይን እስከ አፍ፣ ከፀጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፣ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ አገጭ። አንድ ሰው የሚስማማውን ሁለት ርቀት መርጦ ካካፈለ ወደ 1.618 የሚጠጋ ውጤት በማንም ፊት ላይ ያገኛል፤ የማይስማማውን ከመረጠ ደግሞ በማንም ላይ አያገኝም። ፊት በዚህ ምጣኔ ስለተሠራ ብቻ ያምራል የሚለውን የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ የለም። መተግበሪያው የለካው የእርስዎን ውበት ሳይሆን የሠራው ሰው የመረጣቸውን ነጥቦች ነው።

ለሥዕል ተማሪው፦ ሙግትዎ ትክክል ነው፤ እኔም ቀድሜ ማንሣት ነበረብኝ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት ሰዎች ሲናገሩ የተቀረጹበትን አጭር ቪዲዮ ከዚያው ቪዲዮ ውስጥ ከተወሰዱ የቆሙ ምስሎች ጋር አወዳድሮ ነበር፤ ያው ሰው፣ ያው ብርሃን፣ ያው ደቂቃ። ሰዎቹ በቪዲዮው ከቆሙት ምስሎች ይልቅ ማራኪ ሆነው ተገኙ። ዓይናችን የሚንቀሳቀስ ፊት ሲያይ የየቅጽበቱን መልክ አዋሕዶ ስለሚይዝ፣ ከንግግር መሀል የተቆረጠው አንድ ቅጽበት ፊቱን በደንብ አይወክለውም። ደም ግባት የሚለው ቃላችን ይህንን ብቻ የሚል አይመስለኝም፤ ከጠባይና ከሰውዬው መንፈስ ጋር የተያያዘ ነገር አለበት። ቢያንስ ግን ቋንቋችን የያዘው ልዩነት በቤተ ሙከራም የሚታይ ልዩነት ነው።

መልስ 5 — ነርስ (ነታንያ)

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲመጡ እኔም የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ከእነርሱ አንዷ ነበርሁ፤ ከቤተሰቤ ጋር ለረጅም ጊዜ መርከዝ ክሊታ በሚባለው የአዲስ መጤዎች መቀበያ ማዕከል ውስጥ ኖረናል።

መምህሩ ቢፈቅዱልኝ አንድ ጥናት ልጨምር፤ በቀጥታ እኛን የሚመለከት ነውና። በ2006 እ.ኤ.አ. የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሦስት ወር ሕፃናትን በሦስት ወገን አጥንተዋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያድጉ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት፣ እስራኤል ውስጥ የሚያድጉ ነጭ እስራኤላውያን ሕፃናት፣ እንዲሁም ወላጆቻቸው ከኢትዮጵያ መጥተው በመርከዝ ክሊታ የሚኖሩ ሕፃናት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ወገን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። ሦስተኛዎቹ ግን፣ ቤት ውስጥ የእናትና የአባታቸውን፣ ከቤት ውጭ ደግሞ የሠራተኞቹን ፊት እያዩ የሚያድጉት፣ ለአንዱም አላደሉም። ረዘም አድርጎ መመልከት ማለት «ቆንጆ ነው» ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በሦስት ወር ዕድሜ ዓይን ምን ያህል በዙሪያው ባሉት ፊቶች እንደሚሠራ ሥራ ላይ ሆኜ ሕፃናትን በታቀፍሁ ቁጥር አስበዋለሁ።

የራሴንም ልናገር። በትምህርት ቤት በክፍሌ ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ማንም ክፉ ባይናገረኝም እንኳ ግንባሬ ሰፊ፣ ዓይኖቼም ከልክ በላይ ትልልቅ እንደሆኑ አምን ነበር፤ በክፍል ፎቶ ላይ ሁልጊዜ የማየው ፊቴ ከሌሎቹ የማይገጥም መሆኑን ነበር። በ24 ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ያረፍሁበት ቤት መስታወት ውስጥ ሳይ ግንባሬም ዓይኔም ከፊቴ ጋር ተስማምተው ታዩኝ። የተቀየረ ነገር አልነበረም፤ ከጠዋት እስከ ማታ በታክሲው፣ በገበያው፣ በቤተ ዘመዱ ዘንድ እንደ እኔ ያለ ፊት ስመለከት ከርሜ ነበር። መምህሩ ስለ 2003ቱ ጥናት የጻፉትን ሳነብ ያ ጠዋት ትዝ ብሎኝ አለቀስሁ።

ፎቶ አንሺው ወንድሜ፣ ልጆች በዙሪያቸው የሚያዩትን ፊት ከሚወስኑት ሰዎች አንዱ እርስዎ ነዎት። እባክዎ በፎቶ ቤትዎ መስኮት ላይ የሚሰቅሏቸውን ፎቶዎች አፍንጫ አይንኩ።

መልስ 6 — ጉርድ ፎቶ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ዘግይቼ የተመለስሁት የነገራችሁኝን በሥራ ላይ ለመሞከር ስለፈለግሁ ነው።

በመጀመሪያ፣ «ይኼ እኔን አይመስልም» ያለኝን ደንበኛ ሁሉ ፎቶውን ገልብጬ አብሬ ማሳየት ጀመርሁ። አብዛኞቹ የተገለበጠውን ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል፤ አብሯቸው የመጣው ሰው ደግሞ «አሁን ነው የጠመመው» ይላል። ምክንያቱን ስነግራቸው ብዙዎቹ እንዳለ የተነሣውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ማስታወሻነቱ ለሚወዷቸው ሰዎች ነውና።

ሁለተኛውን ነገር ያገኘሁት ስለ አፍንጫ ሳነብ ነው፤ የሚያስቆጨኝም እርሱ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ስሌት ካሜራው ከፊት በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ከሚነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫ በ30 በመቶ ያህል የሰፋ መስሎ እንደሚታይ ያሳያል። ሰው ራሱን በስልክ የሚያነሣው ክንዱ በሚደርስበት ርቀት ነው፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ አፍንጫ ይዞ ነው ወደ እኔ የሚመጣው። እኔ ደግሞ ክፍሌ ጠባብ ስለሆነ ለ11 ዓመት ሰፊ ሌንስ ገጥሜ፣ ከደንበኛው አንድ ሜትር እንኳ ሳልርቅ ሳነሣ ኖሬአለሁ። አፍንጫ አቅጥንልን ካሉኝ ሰዎች መካከል ስንቱን አፍንጫ ያሰፋሁት እኔው ራሴ ነኝ!

ባለፈው ሳምንት የጀርባውን ጨርቅ ወደ ጓዳው ግድግዳ አዛውሬ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ሣጥኖቹን አውጥቼ፣ ሁለት ሜትር ከግማሽ የሚሆን ርቀት አግኝቻለሁ፤ ሌንሱንም ራቅ ብሎ ፊት ለማንሣት በሚመች የ85 ሚሊሜትር ሌንስ ለውጫለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ አፍንጫ የጠየቀኝ ሰው ሁለት ብቻ ነው። ቆዳ አቅላልኝ የሚለው ጥያቄ ግን አልቀነሰም፤ እርሱን ሌንስ አይፈታውም።

ለራሴ ዓይን ደግሞ በኮምፒውተሩ አናት ላይ ዐሥር ምንም ያልተነካካ ፎቶ ሰቅያለሁ፤ የሽማግሌ፣ የሕፃን፣ የገበሬ፣ የተማሪ። በየግማሽ ሰዓቱ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ። መሀል ላይ ያለው የእኅቴ ጉርድ ፎቶ ነው፤ በአዲሱ ርቀት ያነሣሁት የመጀመሪያው ፎቶ።

ለነርሷ እኅቴ፣ የመስኮቱን ፎቶዎች ዛሬ ጠዋት አውርጄአለሁ። ባለፎቶዎቹ ዋናው ቅጂ እንዲሰቀል የሚፈቅዱ መሆናቸውን እየደወልሁ እየጠየቅሁ ነው፤ እስካሁን አራቱ ፈቅደዋል።